ስለ ናፍቆት፦ ለትምህርት ከወላጅ ቤት የወጣ ወጣት በሥጋውና በመንፈሱ ስለሚያገኘው ነገር

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ተገልጦ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ወደ ሰመራ፣ የድሬዳዋዋ ልጅ ወደ ጎንደር፣ የጅማው ወደ ደሴ ጓዛቸውን ሸክፈው የሚነሡበት ወራት ሲደርስ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው የሚታየው ስንብት ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ አለው። እናት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከሻንጣው ሥር ካደረገችው በኋላ፣ «መንገድ ላይ ቢርብህስ» ብላ እንደ ገና አውጥታ በእጅ ቦርሳው ትከትለታለች፤ አባትም የሚናገረው ቃል ቢያጥረው፣ ቀድሞ ያጠበቀውን የሻንጣ ገመድ ፈትቶ ዳግመኛ ያጠብቃል። ምርቃቱ ተሰጥቶ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን፣ በልጁም በወላጆቹም ልብ ላይ የሚወርደው፣ ሁላችን የምናውቀውና ስለምናውቀውም ለመመርመር የማንደክምበት ናፍቆት ነው። ይህ ስሜት ከምን እንደሚመነጭ፣ በሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በምንስ እንደሚበርድ ማወቅ ለተሰናባቹም ለሸኚውም ረድኤት ስለሚሆን፣ ሊቃውንት ከደረሱበት ዋና ዋናውን ከዚህ እናቀርባለን።

ናፍቆትን በሕክምና ዓይን ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊስ አገር በባዝል ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ነገር ድርሰት ያቀረበው ዮሐንስ ሆፈር ነው። በድርሰቱ ከተጠቀሱት ሕሙማን አንዱ ራሱ ተማሪ ነበር፤ ከበርን ከተማ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ባዝል ከመጣ በኋላ ኀዘን ይጸናበት፣ ትኩሳት ይይዘው፣ ልቡም ይጨነቅ ጀመርና ለሞት የቀረበ እስኪመስል ድረስ ደከመ፤ ወደ አገሩ እንዲወስዱት ተመክሮ ጉዞ ሲጀምር ግን፣ ገና በርን ሳይደርስ በመንገድ ሳለ ተሻለው። ሆፈር ይህን ሲያብራራ፣ የአገርና የቤት ሥዕል በአንጎል ውስጥ ታትሞ ስለሚኖር፣ የሕይወት መንፈስ ዘወትር በዚያው መንገድ ሲመላለስ ደዌ ይሆናል ብሎ ነበር። የዛሬው ሳይንስ ትርጓሜውን ባይቀበለውም፣ ናፍቆት የሰነፍ ሰው ሰበብ ሳይሆን በሥጋ ላይ ጭምር የሚገለጥ እውነተኛ ነገር መሆኑን በማስተዋሉ ያመሰግነዋል። ደዌ ማለቱን ግን ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት አርመውታል።

ከእነዚህም ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ናቸው። ቦውልቢ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእናቶቻቸው የተለዩ ሕፃናትን ሁኔታ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ኋላም ከ1969 ጀምሮ ባሳተሟቸው ሦስት ታላላቅ መጻሕፍት፣ ልጅን ከወላጁ ጋር የሚያስተሳስረው ቁርኝት ከእንጀራ ፍላጎት የተወለደ ሳይሆን፣ ሕፃኑን ከአደጋ ለመጠበቅ በፍጥረቱ የተተከለ ጠባይ እንደሆነ አስረዱ። የሥራ ጓደኛቸው ሜሪ ኤይንስዎርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ኡጋንዳ መጥተው፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እናቶችንና ሕፃናትን ለብዙ ወራት ተመለከቱ። በዚያም ያዩት፣ እናቱ በአጠገቡ መኖርዋን ያረጋገጠ ሕፃን እየዳኸ ከእርስዋ ርቆ አዲሱን ነገር ሁሉ ሲነካና ሲመረምር፣ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ሲያያት፣ እንደ ገናም ከፊተኛው አብልጦ ሲርቅ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በፍቅር መታሰር ለመሄድ እንቅፋት ሳይሆን ኃይል መሆኑን ነው። ተመልሶ የሚያርፍበት እንዳለው የሚያውቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ተማሪም በዚህ ረገድ ከሚድኸው ሕፃን ፈጽሞ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ቁርኝት በርቀት ሲወጠር ሥጋ ዝም ብሎ አያይም። አንጎል የለመደው ፊትና ድምፅ ጠፍቶበት አዲስ አልጋ፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ማዕድ ሲገጥመው፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍሉ ከሥሩ ላለው ዕጢ፣ ዕጢውም በደም አማካይነት ከኩላሊት በላይ ላሉት ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፤ እነዚህም ኮርቲሶል የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ኮርቲሶል በልኩ ሲሆን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ጨምሮ ሰውነትን ለሥራ የሚያነቃ ረዳት ነው፤ በጤነኛ ሰው ንጋት ላይ ከፍ ብሎ ወደ ሌሊት ዝቅ ይላል። ጭንቀት ሲደጋገም ግን ዝቅ ማለት በሚገባው ሰዓት ሳይወርድ ይቀርና እንቅልፍ ይሸሻል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ያነበቡትም ከኅሊና ለመጽናት እንቢ ይላል። አዲሱ ተማሪ በካፌው ወጥ ላይ ሲያኮርፍ ወይም በዶርሙ ጣሪያ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲያድር፣ ምክንያቱ ሞልቃቃነት ሳይሆን ይህ የሥጋ ሥርዓት ነው።

ከሕዋሳትም ሁሉ ይልቅ ናፍቆትን የሚቀሰቅሰው ማሽተት ነው። ያየነውና የሰማነው ነገር ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አልፎ ሲዳረስ፣ ሽታ ግን ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተዳድሩት ክፍሎች በአቋራጭ ይደርሳል። ስለዚህ ከግቢው በር ላይ የተቆላ ቡና ሲሸተው፣ ተማሪው ገና ምን እንዳሸተተ ለይቶ ሳያስብ፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ይሁን እንጂ ለሥጋ የመልመድ ጸጋ ተሰጥቶታል። ከደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ፣ ወደ ሰመራ ሐሩር የወረደ ሰው በሙቀቱ እየተንቀሳቀሰ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቆይ የደሙ ፈሳሽ ይበረክታል፤ ላቡም ፈጥኖ መውጣት ይጀምራል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። መንፈስም ለእንግድነቱ የራሱን ቀጠሮ ይሻል፤ ያውም ከሥጋ የረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የገቡ ተማሪዎችንና የመኖሪያ ስፍራቸውን የለወጡ ሰዎችን ጠይቀው እንደገመቱት፣ ከትውውቅ ወደ መጠነኛ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ልብ ወዳጅነት ለመድረስ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት «ሰው አጣሁ» ብሎ የሚያዝን ተማሪ እንግዲህ ሰው አጥቶ ሳይሆን ሰዓቱ ገና ስላልሞላ ነው። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ሰፈር ወዳጅነት ከሁሉ በላይ የሚበቅለው በራቸው ጎን ለጎን በሆነ ሰዎች መካከል መሆኑን አሳይተዋል።

አበው ይህን በመሣሪያ ሳይለኩት በሥርዓት አጽንተውት ኖረዋል። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም የሚሰደደው የአብነት ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቢለይም፣ ከጉባኤ ቤቱ ሲደርስ ብቻውን አይተውም ነበር። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን ቁራሽ ከእነርሱ ጋር ይቆርሳል፤ የበላዩ ተማሪ ያስቀጽለዋል፤ መምህሩም እንደ አባት ይገሥጹታል። ቀኑ በትምህርትና በሥራ፣ ማታው በጉባኤ የተሞላ በመሆኑ፣ ናፍቆት ባይጠፋም የሚነግሥበት ባዶ ሰዓት ያጥረዋል።

ወላጆችም በዚህ ነገር ድርሻቸው ቀላል አይደለም። ስንብት ግልጽ ይሁን፤ ተደብቆ መሄድም ሆነ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ መሸንገል እምነትን ያጎድላል። የሚመለስበት በዓል ወይም የዕረፍት ወራት አስቀድሞ ቢታወቅ፣ ልብ የሚቆጥረው ቀን ያገኛል። ክሪስቶፈር ተርበርና ኤድዋርድ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕፃናት ሐኪሞች በጻፉት ምክር፣ «ከከፋህ መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚለው የወላጅ ቃል ኪዳን፣ ልጁ አይችልም የሚል መልእክት ስለሚያስተላልፍ እንደሚጎዳ ያስጠነቅቃሉ። በስልክም ቢሆን በየሰዓቱ ከመደወል ይልቅ የታወቀ ቀንና ሰዓት መወሰን፣ ሲነጋገሩም «ምን በላህ» ከሚለው አልፎ «ከማን ጋር በላህ» ብሎ መጠየቅ ልጁን ወደ አዲሱ ጎረቤቱ ይመራዋል።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ቢውል ቢያድር፣ እንቅልፍና ምግብ ፈጽሞ ቢከለክል፣ ተስፋ መቍረጥም ቢከተለው፣ ነገሩ ከናፍቆት አልፏልና ተማሪው ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት ሳይዘገይ ይሂድ፤ ይህን ማድረግ ነውር የለበትም። ከዚህ በመለስ ያለው ናፍቆት ግን፣ ልጁን ለሩቅ አገር ያበቃው ፍቅር ራሱ ስለሆነ፣ በእንባው የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ ይልቅስ ዛሬውኑ የጎኑን አልጋ ባለቤት ስሙንና አገሩን ጠይቆ፣ ወደ ማዕድ አብረው ይውረዱ።