የመሬት መንቀጥቀጥ ቦርሳ እንዴት ይሠራል?

ወደ ማጀት ጎራ ይበሉና ዙሪያውን ይቃኙ። ጥጉ ላይ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ በሶ፣ ከጎኑ ቆሎ፣ ከታች በረኪና። መሳቢያው ውስጥ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚታወሰው የእጅ ባትሪ አለ። ይህን ሁሉ ያከማቹት ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ መብራትም ሳያስጠነቅቅ ስለሚጠፋ ነው። ሳያስቡት ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ስንቅ ሰንቀዋል።

ውጭ አገር በሻንጣ ታሽጎ በውድ የሚሸጠው የአደጋ ጊዜ ዕቃ ከዚህ ብዙም አይለይም። እኔ እንዲያውም በሶው ሻንጣው ውስጥ ካለው ደረቅ ብስኩት ይበልጣል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ግን “እኛን ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ምን አገናኘን?” ለሚሉ አንድ ቃል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የጀመረው መንቀጥቀጥ ለወራት ዘልቋል። ምክንያቱ ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ ዓለት በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ መሄዱ ነበር። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የደረሰው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ፎቅ ላይ የተኙትን ቀስቅሷል። የካቲት 7 ማታ የተከሰተው ደግሞ መጠኑ 6 ደርሷል። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ ነበር። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየሰፋ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። መሬት በሚናወጥባቸው ሰከንዶች ቦርሳው ምንም አይፈይድም። ያን ጊዜ የሚሻለው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ ነው፤ ጠረጴዛ ከሌለም ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላትንና አንገትን በክንድ መከለል። ደረጃ ላይ መሮጥ የለም፣ አሳንሰርም የለም። የቦርሳው ሥራ የሚጀምረው መናወጡ ሲቆም ነው። ቧንቧው ተሰብሮ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ 3 ቀን ራስን ማቆየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከውሃ እንጀምር። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና እጅና ፊትን ለመታጠብ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለ3 ቀን 60 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሦስቴ ማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሦስት ጀሪካን አይጠፋም።

ችግሩ ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሙሉ ጀሪካን ከ20 ኪሎ ያልፋል። ከአራተኛ ፎቅ ሕፃን ታቅፈው ሊያወርዱት ይችላሉ? አይችሉም። ስለዚህ ውሃውን ለሁለት ይክፈሉት። ጀሪካኖቹ እቤት ይቆያሉ፤ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይገባል።

ለምን ጀሪካን? በሁለት እጅዎ ጎንና ጎኑን ጫን ያድርጉት። ገባ ይልና ሲለቁት ይመለሳል። እንስራው ወይም የመስታወት ዕቃው ሲወድቅ የሚሰበረው ይህን ስለማያውቅ ነው፤ ጀሪካኑ ግን የተመታበትን ኃይል በመጉበጥ ያሳልፈዋል። ቢሆንም ከፍ ያለ ቦታ አይስቀሉት። ከመደርደሪያ የሚወርድ 20 ኪሎ ለእሱ ምንም ባይሆን ለእርስዎ ይከፋል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የያዘ ጀሪካን ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም።

አሁን በረኪናውን ያውጡት። ውሃው ንጹሕ መሆኑ ካጠራጠረዎ፣ ሽቶ ያልተጨመረበትና ጠርሙሱ ላይ 5 ወይም 6 በመቶ የሚል በረኪና ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል። ለሙሉ ጀሪካን 40 ጠብታ መቁጠር ስለሚያሰለች መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ይለኩ። ያማስሉትና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድመው በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት።

ብልሃቱ ያለው ከ30 ደቂቃው በኋላ ነው። ያሸትቱት። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ጀርሙን ሲገድልና ቆሻሻውን ሲያቃጥል ራሱም ያልቃል። ውሃው ብዙ ቆሻሻ ካለበት ክሎሪኑ በሙሉ ሥራ ላይ ይውልና ሽታው ይጠፋል። ስስ የበረኪና ሽታ ከቀረ ግን ክሎሪኑ ሥራውን ጨርሶ ተርፏል ማለት ነው። አፍንጫዎ ላቦራቶሪ ሆነ። ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ይድገሙና 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ አሁንም ካልሸተተ ያን ውሃ ለሌላ ሥራ ያውሉት።

ቤት ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። አንዱን ሃይላንድ በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን አፈር በነካው የዝናብ ውሃ ይሙሉ፤ ለሁለቱም እኩል ጠብታ ያድርጉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያሸትቱ። የዝናብ ውሃው ሽታውን እንዴት እንደሚውጠው ያያሉ። ከሙከራው በኋላ ሁለቱንም ይድፏቸው። በረኪና ራሱም እንደሚያረጅ አይርሱ፤ ሙቀትና ፀሐይ ኃይሉን ይጨርሱታል። ዓመት የሞላውን ለልብስ ያውሉትና ለውሃ አዲስ ይግዙ። ውሃ አጋርን የመሰሉ ለመጠጥ ውሃ ተብለው የተዘጋጁት ከበረኪና የቀጠኑ ስለሆኑ መጠናቸውን ከጽሑፉ ላይ ያንብቡ።

ወደ በሶው እንምጣ። ገብስ ሲቆሉ ምን እንደሚሆን ለማየት ምጣዱ ሲሞቅ ቀዝቃዛ የብረት ክዳን ከላይ ትንሽ ከፍ አድርገው ይያዙ። ወዲያው ክዳኑ ላይ ጠል ይቋጥራል። ያ ጠል ከገብሱ የወጣ ውሃ ነው። ሻጋታ ያለ ውሃ አይኖርም፤ ስለዚህ ውሃውን ሲያባርሩ ሻጋታውን አብረው አባረሩት። እንጀራ በሦስትና በአራት ቀን የሚሻግተው፣ ከዚያው እንጀራ የተሠራው ድርቆሽ ግን የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ብልሃት የማይታይ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ሲወጣ በስሏል። ስለዚህ ሲፈጭ የሚገኘው ዱቄት የበሰለ ምግብ ነው፤ እሳት አይጠይቅም። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሩዝ ሁሉም ምድጃና ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። በሶ ግን ቀዝቃዛ ውሃና አንድ ኩባያ ይበቃዋል። በማር ወይም በስኳር በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ጠበቅ አድርጎ ጨብጦ መብላት ነው። ትንሹ ልጅም ጥርስ የሌላቸው አያትም ይበሉታል፤ የፈረንጁን ደረቅ ብስኩት ለአያት ይስጡና ይሞክሩት። አባቶቻችን ለመንገድና ለዘመቻ በሶ የሰነቁት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው።

ቆሎና ዳቦ ቆሎም ይግቡ። ቋንጣውን ግን በልኩ ያድርጉት፤ ጨውና በርበሬው ውሃ ያስጠማል፣ ውሃው ደግሞ የተቆጠረ ነው። ቆሎውንም ጨው አያብዙበት። ሕፃን ካለ የሕፃኑ ምግብ አይረሳ።

መብራት ሲጠፋ እጅዎ ልማዱን ተከትሎ ሻማ ይፈልጋል። ከመንቀጥቀጥ በኋላ ይህን ልማድ ይርሱት። የሲሊንደሩ ጎማ ተነቅሎ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ፣ አተላ ጋን ውስጥ እንደሚዘቅጠው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ቆሞ ያለ ሰው ሽታው ሳይደርሰው ክብሪት ሊጭር ይችላል። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። የሸተተዎት ከሆነ የመብራት ማብሪያም አይንኩ፤ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ።

ለብርሃን የእጅ ባትሪ ይያዙ። ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ቁልፉ ተነክቶ እንዳያልቅ፣ በተራ ከሚገቡት ሁለት ድንጋዮች አንዱን ገልብጠው ያስገቡት። ሁለቱ ፊት ለፊት ስለሚገፋፉ ቁልፉ ቢነካም አይበራም። የሚያስፈልግ ቀን መልሶ መገልበጥ ብቻ ነው። አሁኑኑ ይሞክሩት፤ ልጆችም ይወዱታል።

ሌላም አለልዎት። ዛሬ ማታ መብራቱን ያጥፉና የስልክዎን ባትሪ አብርተው ወደ ላይ ያዙሩት፤ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ያቁሙ። ክፍሉ ትንሽ ፈካ ይላል። አሁን ውሃው ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ ወተት ይጨምሩ። ብርሃኑ ጣሪያውን ብቻ መምታቱን ትቶ በጎን በጎን ይረጫል፤ ጠርሙሱ ፋኖስ ይሆናል። የወተቱ ደቃቅ ቅንጣቶች እያንዳንዱን ጨረር ወደየአቅጣጫው ስለሚመልሱት ነው።

አሁን ፊሽካ። የእግር ኳስ ዳኛው አፍ ላይ ያለው ያው ርካሽ ፊሽካ ማለቴ ነው። ፍርስራሽ ሥር የቀረ ሰው ሲጮህ ድምፁ ይዘጋል፣ አቧራም ይውጣል። ፊሽካ ግን ጥቂት ትንፋሽ ወስዶ ስለታም ድምፅ ይሰጣል፤ ስለታም ድምፅ ከቁፋሮና ከሞተር ጉርምርምታ መካከል ተለይቶ ይሰማል። ሦስት ጊዜ መንፋት፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ።

ፊሽካ ከሌለስ? የግቢዎን የብረት በር አንድ ጫፍ ላይ ጆሮዎን ይለጥፉና ልጅዎ ሌላኛውን ጫፍ በጥፍሩ ቀስ ብሎ እንዲመታ ያድርጉ። ጆሮዎን ሲያነሱ የማይሰማው ኳኳታ ሲለጥፉት ጎልቶ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በብረት ውስጥ ግን ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ በየአቅጣጫውም አይበተንም። ቧንቧ ወይም የግድግዳ ብረት በድንጋይ መምታት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ስልክ ይያዝ እንጂ አይታመን። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን የሚወስደው ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነና መስመር እስኪገኝ ተራ ስለሚጠብቅ ጥሪ እንቢ ሲል እሱ ብዙ ጊዜ ያልፋል። “ደህና ነኝ፣ ሜዳው ላይ ነኝ” ብለው ይጻፉና ባትሪዎን ይቆጥቡ። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ አይጣሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ስለሚቆም ዝርዝር ብር በፖስታ አድርገው ቦርሳው ውስጥ ይክተቱ።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ልናገር። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ቢያንስ ለሳምንት የሚሆን፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ለሴቶች ሞዴስ፣ ጋቢ። የመታወቂያ፣ የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ጫማውን ግን ዘልዬ አላልፍም። መንቀጥቀጡ ሌሊት ከመጣ ወለሉ ላይ የሚጠብቅዎ የተሰበረ መስታወት ነው፤ ባዶ እግሩን ከአልጋ የወረደ ሰው ቦርሳው ጋ ሳይደርስ ይቆስላል። ሽፍን ጫማና የእጅ ባትሪ በፌስታል አድርገው ከአልጋው እግር ጋር ይሰሩት። ካልታሰረ ተንሸራቶ ይጠፋል። ቦርሳው ደግሞ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ቦርሳ ቁም ሣጥኑ ሲወድቅ ሥሩ ይቀበራል።

በዓመት ሁለቴ ይክፈቱት። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ጥሩ ማስታወሻ ናቸው፤ ወይም የሚያከብሩት ሌላ በዓል። የቆየውን በሶና ቆሎ ይብሉትና በአዲስ ይተኩ፤ ውሃውን ይቀይሩ፤ የባትሪውን ድንጋይና የመድኃኒቱን ቀን ይመልከቱ።

ፊሽካ ሲገዙ ደግሞ ሁለት ይግዙ፤ አንዱን ጎረቤት ብቻቸውን ለሚኖሩት እናት ይስጧቸው፤ ሲሰጧቸውም ሦስቴ እንደሚነፋ ያሳዩአቸው።