ድንችና ዱቄት የሌለበት የአትክልት ሾርባ



ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ መዝገብ ሲያገላብጥና ባለጉዳይ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይርበዋል። ነገር ግን የደከመው አእምሮው እንጂ ጉልበቱ አይደለምና፣ ሲያርስ እንደ ዋለ ገበሬ አብዝቶ ቢመገብ ትርፉ ውፍረት ይሆንበታል። በተለይም ሐኪም «በደምህ ውስጥ ስኳር በዝቷል» ያለው ሰው ለእራቱ መጠንቀቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለውም ሰው ብዙ ጊዜ «ከእንግዲህ እራቴ የአትክልት ሾርባ ነው» ብሎ ይቈርጣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በድስቱ ውስጥ የገባው ካልተመረመረ የሾርባው ስም ሊያታልል ይችላል።

በየቤታችን የሚሠራው የአትክልት ሾርባ ብዙውን ጊዜ የሚወፍረው በድንች፣ በዱቄት፣ በመኰሮኒ ወይም በሩዝ ነው። እነዚህም ካርቦሃይድሬት የሚባለው የምግብ ክፍል የበዛባቸው ናቸው፤ ይኸውም በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። 100 ግራም ድንች 17 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ በዚያው ሚዛን አበባ ጎመን 5፣ ቲማቲም 4፣ ዝኩኒ 3 ግራም ያህል ብቻ አላቸው። ካሮትና ቀይ ሽንኩርት ግን ወደ 10 ግራም ስለሚጠጉ በልክ ይጨመራሉ። እንግዲህ ቁም ነገሩ ሾርባውን የሚያወፍረውን ነገር መለወጥ ነው።

ለአራት ሰው የሚበቃ ሾርባ ለመሥራት 300 ግራም አበባ ጎመን፣ 200 ግራም ጥቅል ጎመን፣ 2 ዝኩኒ፣ 2 ቲማቲም፣ 1 ትንሽ ካሮት፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቆስጣ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዘጋጁ። ቀይ ሽንኩርቱን በዘይቱ አለስልሰው ነጭ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያስከትሉ። ከዚያም አበባ ጎመኑን፣ ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን ከውሃው ጋር ጨምረው፣ ድስቱን ከድነው በመጠነኛ እሳት ለ25 ደቂቃ ያህል ያብስሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ አትክልቱ በቆላ አገር ከሚበስልበት ጥቂት ይዘገያልና አይቸኩሉ። አበባ ጎመኑ ሲለሰልስ አውጥተው ይጨፍልቁትና መልሰው ያዋሕዱት፤ የድንችን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ዝኩኒው 10 ደቂቃ፣ ቆስጣው 3 ደቂቃ ሲቀር ይግባ። ውሃውን ከቶ አይድፉት፤ በመፍላት ከአትክልቱ የወጣው ቪታሚን በውስጡ ይገኛልና።

ስለ ጨው ደግሞ ጥቂት ቃል እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃ ይመክራል። በሱቅ የሚሸጠው የሾርባ ቅመም ጨው የበዛበት ስለሆነ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ጦስኝ ጣዕሙን ቢያሳምሩት ይሻላል።

ይህ ሾርባ ብቻውን ረኃብን ለረጅም ጊዜ አይከላከልም። ስለዚህ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ወይም የዶሮ ሥጋ ይታከልበት። በጾም ቀን ጥቂት ምስር ይበቃል፤ ምስር ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም ፕሮቲንና አሠር ስላለው ያጠግባል። ነገር ግን ድንቹን አስቀርተው 100 ግራም ነጭ ዳቦ ቢያስከትሉ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ተመለሰ ማለት ነው፤ ድካምዎም ከንቱ ይሆናል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ ልብ ይበሉ። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳርን የሚቀንስ ክኒን የሚውጥ ሰው ዳቦውንና እንጀራውን በድንገት ቢተው፣ መድኃኒቱ የተለካው ለቀድሞው ምግብ ነበርና የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ መምታት ምልክቶቹ ናቸው፤ ራስንም ሊያስት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ሰው አትክልት ሁሉ ይስማማኛል ብሎ እንዳይዘናጋ፣ የሚፈቀድለትን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ሐኪም በሐኪም ቤት ይመክራል፤ ማታ ድስቱን የሚከፍተው ግን ባለቤቱ ነው። በውስጡ ያለውን ዐውቆ የሚመገብ ሰው የምክሩን እኩሌታ ፈጸመ ማለት ነው።