የቄስ ትምህርት ቤት ያስገኘውና የነፈገው

ሃይማኖት ለኅብረተሰብ ያስገኘው ጥቅምና ያደረሰው ጉዳት ለየብቻ እንደሚመዘን ተደርጎ ይታሰባል። በኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ታሪክ ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ ይታያሉ።

መንግሥት አንድም ትምህርት ቤት ባልከፈተባቸው ዘመናት ፊደልን ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ናት። በደብር ጥላ ሥር የተሰበሰበ ሕፃን ከፊደል ገበታ ተነሥቶ፣ በመልእክተ ዮሐንስ አልፎ፣ ዳዊት እስከ መድገም ይደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ንባቡ በግእዝ በመሆኑ ምሥጢሩ አይገባውም። መጻፍም አይማርም፤ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበርና። እንዲያውም ጽሕፈት አዋቂ በአስማት መጠርጠሩ የተለመደ ነበር። ቋንቋውን ከነአገባቡ የሚያውቀው ቅኔ ቤት የዘለቀው ብቻ ሲሆን፣ ይህም ዕድል ለጥቂት ወንዶች፣ ለሴቶችማ እጅግ ብርቅ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ የካህናቱን ተቃውሞ ለማብረድ መምህራንን ከግብፅ ቅብጦች አስመጡ። የሚያስገርመው፣ ከዘመናዊው ትምህርት ፍሬዎች ብዙዎቹ የቄስ ተማሪዎች የነበሩ መሆናቸው ነው፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ደብረ ኤልያስና ዲማ ተምረዋል። የደብሩን ሕይወት ከነጉድለቱ የገለጡትም በዚያው ደብር በቀሰሙት ቋንቋ ነው።