ሻጩ አልፈርምም ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሚፈረም የመሬት ሰነድ

በኬንያ ግዛት በምትገኘው በሞያሌ ከተማ መሬት የሚገዛ ሰው ዋጋውን በመክፈሉ ብቻ ባለመሬት አይሆንም። ሻጩ በማዛወሪያው ሰነድ ላይ መፈረም፥ ሰነዱም በመሬት መዝገብ መግባት አለበት። እንግዲህ ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ «አልፈርምም» ቢል ገዢው ምን ያደርጋል?

የኬንያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ98ኛው ክፍል ለዚህ ችግር መፍትሔ ሰጥቶበታል። ሰነድ እንዲፈርም በፍርድ የታዘዘ ሰው ትእዛዙን ችላ ቢል ወይም እንቢ ቢል፥ ፍርድ ቤቱ በእርሱ ፈንታ የሚፈርም ሰው ለመሰየም ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰየመው የፍርድ ቤቱ ምክትል ሬጅስትራር ነው። እርሱ የፈረመውም ሰነድ ሻጩ በገዛ እጁ እንደ ፈረመው ተቆጥሮ ይጸናል።

ነገር ግን ሹሙ ይህን ሥልጣን የሚያገኘው ከፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንጂ ከሹመቱ አይደለም። ስለዚህ ገዢው ውሉን ይዞ ወደ ሬጅስትራሩ ቢሮ በመሄድ ብቻ ፊርማ አያገኝም። አስቀድሞ ክስ ያቀርባል፤ ሻጩ እንዲፈርም ፍርድ ይሰጣል፤ ሻጩ ሳይፈጽም ሲቀር ገዢው እንደገና ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል። ሹሙ የሚፈርመው ከዚህ በኋላ፥ በትእዛዙ ላይ በተገለጸው ሰነድ ላይ ብቻ ነው።

ክሱ እንዲጸናም የሽያጩ ውል በጽሑፍ የተደረገ፥ ተዋዋዮቹ ሁሉ የፈረሙበት፥ ፊርማቸውንም በቦታው የነበረ ምስክር ያረጋገጠው እንዲሆን የኬንያ የውል ሕግ ያዝዛል። በቃል ብቻ የተጨረሰ ሽያጭ ገዢውን ለብዙ ድካም ይዳርገዋል።

ደግሞም የሹሙ ፊርማ ሻጩ ያልነበረውን መብት ለገዢው አይሰጥም። በሞያሌ ዙሪያ ከብት አርቢዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ሰፊ መሬት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት፥ ገና ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬት በካውንቲው መንግሥት እጅ ለሕዝቡ በአደራ እንዲያዝ ደንግጓል። ይህን መሬት አንድ ሰው ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰውም መሬት ሊይዝ የሚችለው በኪራይ፥ ይኸውም ከ99 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያዪቱ ሞያሌ ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1995 በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ በአንዱ ወገን የሚሠራውን ሕግ ለሌላው ወገን መውሰድ ስሕተት ነው።

ከዚህም በላይ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ገዢውን ከቴምብር ቀረጥና ከመዝገብ ክፍያ ነጻ አያወጣውም።

እንግዲህ መሬት ለመግዛት ያሰበ ገበሬ ወይም ነጋዴ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት መሬቱ በማን ስም እንደ ተጻፈ ከመዝገብ ቤቱ ይጠይቅ፤ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ምስክር ያቁም፤ የከፈለበትንም ደረሰኝ በጥንቃቄ ይያዝ። ሻጩ ቃሉን ያጠፈ ቀን ዳኛው ለሹሙ የፊርማን ሥልጣን የሚሰጠው በእነዚህ ማስረጃዎች መሠረት ነው።