የጓሮ ሲካዳን ፎቶ ማንሳት፦ መቼ፣ የትና እንዴት

እ.ኤ.አ. በ2021 ግንቦት ላይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ጓሮዎች ሲካዳ በሚባሉ በራሪ ነፍሳት ተሞልተው ነበር። ብሩድ ኤክስ የሚባለው ይህ መንጋ ከመሬት የሚወጣው በየ17 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት በ1987 እና በ2004 ታይቷል፣ ቀጣዩ ተራው 2038 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖቻችንም ስልካቸውን አውጥተው አንስተውታል። ይሁንና የአብዛኛው ሰው ፎቶ ተመሳሳይ ነው፦ ቀን ላይ አጥር ወይም ግድግዳ ላይ ያረፈ፣ ዐይኑ የቀላ ጥቁር በራሪ። ዋናው ትዕይንት ግን ከዚያ በፊት፣ ማታ ላይ ያለፈው ነው።

ከዚያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት አገር ቤት የበረሃ አንበጣ ሰብል ሲያወድም የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሲካዳ ግን ቅጠል የሚቆረጥምበት አፍ የለውም፤ ከእንጨትና ከሥር ውስጥ ውሃ መሰል ፈሳሽ ይመጥጣል እንጂ። አይናደፍም። ጉዳቱ ሴቷ እንቁላል ለመጣል ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ስትሰነጥቅ ነው፤ ይህም የሚያሳስበው አዲስ ችግኝ የተከለን ሰው ነው።

ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት መሬቱን ነው። መውጫው ሲቃረብ ከዛፍ ሥር የጣት ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከዚያ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አፈር ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣ በተለይ ሞቅ ያለ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ መውጣት ይጀምራሉ። ገና ክንፍ ያላወጣው ሲካዳ ግንዱን ይወጣና አጥብቆ ይይዛል፤ ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ከውስጡም እንደ ወተት የነጣ አካል፣ የተጨማደደ ክንፍና ከጭንቅላቱ ኋላ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። ክንፉ ብዙም ሳይቆይ ይዘረጋል። ሊነጋ ሲል ነጭነቱ ጠፍቶ ጠቁሯል።

ነጭ አካል በቀጥተኛ ፍላሽ ሲመታ ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የእጅ ባትሪውን ከጎን ይዞ ፊቱን በስስ ነጭ ወረቀት መሸፈን፣ በስልኩ ላይም ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፎ፣ ርቀቱን ሳይቀይሩ በየጥቂት ደቂቃው ማንሳት ከአንድ ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ሙሉ ታሪክ ይሰጣል። እንዳይነኩት ብቻ! በዚህ ሰዓት ከወደቀ ክንፉ ጠማማ ሆኖ ይደርቃል።

የጎለመሰውን በቅርበት ማንሳት የሚቀለው በማለዳ ነው፤ ብርዱ ስለሚያደነዝዘው ቶሎ አይበርም። ቀኑ ሲሞቅ ወንዶቹ ከሆዳቸው ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ ሽፋኖች እያርገበገቡ ይጮኻሉ፣ ሴቷም ክንፏን ቀጭ አድርጋ ትመልሳለች። ለዚህ ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ይሻላል።

እኔ ግን ከሁሉ የሚጎድለው ፎቶ የቅርንጫፉ ነው እላለሁ። እንቁላል የተጣለበት ጫፍ በሞቃቱ ወራት ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማያህሉ ልጆች ተፈልፍለው ወደ አፈር ይወድቃሉ፣ የዛፍ ሥር እየመጠጡም ዓመታቸውን ይቆጥራሉ። እንዴት ይቆጥራሉ? ተመራማሪው ሪቻርድ ካርባንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሙከራ የኮክ ዛፎችን በአንድ ዓመት ሁለቴ እንዲያቆጠቁጡ ሲያደርጉ፣ ሥራቸው ላይ ያሉት ሲካዳዎች አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ። የሚቆጥሩት የዛፉን ዙር ነው ማለት ነው። የደረቀው ቅርንጫፍ ለዐይን አይማርክም፤ ቢሆንም የቀጣዩ ትውልድ መነሻ እሱ ነው።

እስከ 2038 መጠበቅ የማይፈልግ በሐምሌና በነሐሴ በየዓመቱ ብቅ በሚሉት አረንጓዴ ሲካዳዎች ይለማመድ። ስታነሱ ቀኑንና ቦታውን አብራችሁ መዝግቡ፤ የነፍሳት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ጂን ክሪትስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባዘጋጁት ሲካዳ ሳፋሪ በተባለ መተግበሪያ በ2021 የተሰበሰቡት የነዋሪዎች ፎቶዎች የመንጋውን ካርታ ለማረም አገልግለዋል። ከመንጋው አራት ዓመት ቀድመው የሚወጡም አሉ፤ በ2017 ታይተዋል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ጓሮ ያላችሁ በ2034 ግንቦት ማታ ማታ ዛፋችሁን በባትሪ እዩት።