እምቦጭ ከተነቀለ በኋላ

እምቦጭን አበባ ላይ እያለ ያየ ሰው አረም ነው ቢሉት አያምንም። ሐምራዊ ነው፤ የላይኛዋ የአበባ ቅጠል መሐሏ ላይ ቢጫ ነጥብ ጣል ተደርጎባታል። ከትውልድ አገሩ ከአማዞን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰውም በመልኩ ነው፤ ለኩሬ ጌጥ እያሉ የወሰዱት ሰዎች ናቸው።

እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ። ጣና ላይ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የበረታው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከየማሳው ያጠቡትን አፈርና ማዳበሪያ የሚያራግፉት እዚያው ነውና ቀለቡን አላጣም።

የቅጠሉን አንገት ቢሰነጥቁት ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው፤ አይሰምጥም። ቅጠሉ ደግሞ ሸራ ይሆንለታል። ነፋስ ሲነሣ ምንጣፉ በሙሉ ይጓዛል፤ ማታ ጠርቶ ያደረ ወደብ ጠዋት ሜዳ መስሎ ሊገኝ ይችላል። እናቲቱ ጎን ለጎን ቅርንጫፍ ዘርግታ ልጅ ታወጣለች፣ ልጅቱም ሌላ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ዘሩ ነው። አበባው ሲጠወልግ አንገቱን ደፍቶ ውሃ ውስጥ ይገባና ዘሩን እዚያው ያራግፋል። ጤፍ የምታህለው ፍሬ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ልትቆይ ትችላለች። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ዳርቻው ፀሐይ ያገኛል፤ ያኔ ትበቅላለች።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትልቅ የነቀላ ዘመቻ ነበር። በውጭ ያሉ ወገኖችም ገንዘብ አዋጥተው ማስወገጃ ማሽን ገዝተዋል። እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ የነቀለን ገበሬ ድካም አላናንቅም፤ ከእምቦጩ ክብደት ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነውና የሚሸከመው ውሃ ነው። ክፋቱ፣ ሸክሙ ስለሚከብድ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይከመራል። ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ያልደረቀው ተመልሶ ይንሳፈፋል። ነቀላው እምቦጩ ሳያብብ ቢሆን፣ ክምሩም ውሃ የማይደርስበት ቦታ ደርቆ ቢቃጠል የዘመቻው ልፋት በከንቱ አይቀርም ነበር። ዑጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እምቦጭ ብቻ የሚበላ፣ የጎተራው ነቀዝ ዘመድ የሆነ ነፍሳት ለቃ ብዙ ረድቷታል፤ እሱም ቢሆን ዓመታት ይፈጃል።

እምቦጩ ወዳልነካው ውሃ እንዳይሻገር የሚደረገው ጥንቃቄ ደግሞ ከዘመቻ ይልቅ የቤት ጽዳት ይመስላል። መረብ ላይ የተጠላለፈች አንዲት ቅርንጫፍ፣ ጀልባ ወለል ላይ የቀረ ጭቃ፣ ለአዲስ ሐይቅ ይበቃሉ። መረቡን እዚያው ዳር ላይ ማራገፍ፣ የጀልባውን ውሃ እዚያው መድፋት፣ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ይህን ከጥንትም ያደርገዋል፤ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ማታ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የሞተር ጀልባ ግን ከነጭቃው መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሌላ ውሃ ይሄዳል።