ክለብ ሲወርድ ደጋፊው የት ይሄዳል?

ሥራዬ ከገቢ ዕቃ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ መሄዴ አይቀርም፡፡ ወረቀቴን አስገብቼ ኮንቴይነሬ እስኪወጣልኝ የምጠብቀው ከበሩ ማዶ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንደኛው ነው፡፡ እዚያ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያወራል፡፡ ወሬውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስለ መንገድ፣ ሌላው ስለ ኳስ፡፡ የመንገዱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፡፡

ሞጆን በመስኮት ብቻ ለሚያውቃት አንባቢ ጥቂት ልበል፡፡ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ መገንጠያ ናት፡፡ አንደኛው መንገድ አዳማን አልፎ በአዋሽ በኩል ወደ ጂቡቲ ይወርዳል፤ ሌላኛው በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ይገባል፡፡ ደረቅ ወደቡ ደግሞ ከጂቡቲ የሚመጣውን ኮንቴይነር የሚቀበል የአገሪቱ ትልቁ የየብስ ወደብ ነው፡፡ ስለዚህ በሩ ላይ የሚገኘው የአንድ ከተማ ደጋፊ ብቻ አይደለም፡፡ ከአዲስ አበባ የመጣ የጊዮርጊስ ደጋፊ ትራንዚተር፣ የሻሸመኔ ልጅ የሆነ ረዳት፣ ከሰሜን የተነሣ የተሳቢ ሾፌር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፡፡ እኔ ደግሞ ትውልዴ አዳማ ነው፤ ክለቤም አዳማ ከተማ፣ በድሮ ስሙ አዳማ ከነማ፡፡

የዚያን ዕለት ክርክሩ እንደ ወትሮው ከእንግሊዝ ተነሣ፡፡ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ ባዩ ትራንዚተር የማንቸስተር ዩናይትዶችን ነገር እያነሣ ያላግጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ዩናይትድ 15ኛ፣ ቶተንሃም 17ኛ ሆነው መጨረሳቸው ለተቀናቃኝ ደጋፊ የዓመት ስንቅ ነውና አይፈረድበትም፡፡ (ቶተንሃም በዚያው ዓመት ያንኑ ዩናይትድን በፍጻሜ አሸንፎ የአውሮፓ ሊግን ዋንጫ ማንሣቱን ግን ዘለለው፡፡ አርሰናልም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1913 ወርዶ፣ በ1919 የተመለሰው ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ ሳይሆን በድምፅ ተመርጦ መሆኑን ማንም አላስታወሰውም፡፡) ቀጥሎ ፊቱን ወደ ረዳቱ አዞረና፣

‹‹አንተ ሻሸመኔ! ክለባችሁ ሲያድግ ከተማው አልበቃ ብሏችሁ ነበር፡፡ ሲወርድ የት ገባችሁ?›› አለው፡፡

ልጁ ሻዩን አስቀመጠና፣ ‹‹አንተ ዋንጫ እንጂ ሌላ ምን ታውቃለህ?›› ብሎ መለሰለት፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡ ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም፡፡ ደጋፊ የሚለካው ክለቡ ሲወርድ ነው ይባላል፡፡ የእኛ ሊግ ግን ለዚህ መለኪያ ይመቻል ወይ?

መጀመሪያ አወራረዱን እንይ፡፡ የክለቦቹ ቁጥር በየጊዜው ከፍና ዝቅ ቢልም፣ ፕሪምየር ሊጉ በ16 ክለቦች በሚካሄድባቸው ዓመታት እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወደ ከፍተኛ ሊግ ይወርዳሉ፡፡ ማንንም የማይምር ሥርዓት ነው፡፡ ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ወረደ፡፡ ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2014 ዓ.ም. ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ተያይዘው ወረዱ፡፡ የመጀመሪያውን ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ያሸነፈው መብራት ኃይል፣ የዛሬው ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ በ2010 ዓ.ም. ወርዶ በ2015 ዓ.ም. ተመለሰና እዚያው ዓመት እንደገና ወረደ፡፡

አሁን የሚገርመኝ ነገር ላይ ደረስኩ፡፡ በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሦስት ክለቦች አድገው ገቡ፤ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ኢትዮጵያ መድን፡፡ ሁለቱ በዚያው ዓመት ተመለሱ፡፡ መድን ግን ቆየ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ሌሎች ሦስት አደጉ፤ ሻሸመኔ ከተማ፣ ሀምበሪቾና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፡፡ አሁንም ሁለቱ በዓመቱ ወረዱ፤ ሦስተኛው ንግድ ባንክ ግን መትረፍ ብቻ ሳይሆን ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፡፡ እንግሊዝም ውስጥ አዲስ ገቢዎች በዓመቱ መውረዳቸው ልማድ እየሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስቱም፣ በ2025 ሌሎች ሦስት ተከትለዋቸው ወርደዋል፡፡ እዚያ ግን የሚወርድ ክለብ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሊጉ የቴሌቪዥን ገቢ ‹‹የፓራሹት ክፍያ›› የሚባል ድጎማ ያገኛል፡፡ እኛ ዘንድ ክለብ የሚወድቀው ያለ ፓራሹት ነው፡፡

ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ወዲያው የተመለሱት አብዛኞቹ የከተማ ስም የያዙ ናቸው፤ የቆዩት የመድን ድርጅትና የባንክ ክለቦች ናቸው፡፡ የከተማ ክለብ በጀቱ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ነው፡፡ ያው በጀት ለመንገድም፣ ለውኃም፣ ለደመወዝም ይፈለጋል፡፡ የተቋም ክለብ ከትርፍ ይቆረጥለታል፡፡ ደጋፊ በመግቢያ ትኬት የሚያዋጣው ገንዘብ በሁለቱም ዘንድ የአንድ ጥሩ አጥቂ ደመወዝ ላይ አይደርስም ብል የተጋነነ አይመስለኝም፡፡ ስለዚህ ‹‹ደጋፊያችሁ ስለሸሸ ወረዳችሁ›› የሚለው የተቀናቃኝ ፌዝ የእንግሊዝን አገር ሒሳብ እዚህ ማምጣት ነው፡፡ ሰንደርላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሁለት ደረጃ ሲወርድ በሦስተኛው እርከን እንኳ በአማካይ ከ30 ሺህ በላይ ተመልካች ነበረው፡፡ ያ ሕዝብ ትኬት ይገዛል፣ ማልያ ይገዛል፣ ክለቡን ያቆመዋል፤ በ2025 ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲመለስም የራሴ ድካም ነው ሊል ይችላል፡፡ የሻሸመኔው ልጅ ግን ምን ገዝቶ ክለቡን ያድን ነበር?

የባሰው ደግሞ ሜዳው ራሱ መወሰዱ ነው፡፡ የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተሰረዘ፡፡ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ እየተላለፉ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ይካሄዱ ጀመር፡፡ ክለቦቹ ተጠቃለው አንድ ከተማ ይገባሉ፣ ጥቂት ሳምንት ተጫውተው ወደ ሌላው ይጓዛሉ፡፡ ለቴሌቪዥኑ ይመቻል፤ ለክለቦቹም የጉዞ ድካም ይቀንሳል ይባላል፡፡ ለደጋፊ ግን ‹‹የሜዳችን ጨዋታ›› የሚባለው ነገር ቀረ፡፡ ሻሸመኔ በሊጉ በነበረበት በዚያ አንድ ዓመት ውድድሩ የተካሄደው በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው፡፡

‹‹እኔ ሦስት ጊዜ ያየሁት ሐዋሳ ላይ ነው›› አለ ረዳቱ፡፡ ‹‹ለዚያውም ጭነት ወደዚያ ስላገኘን፡፡ ሌላውን በስልክ ነው የሰማሁት፡፡ ታዲያ እኔ ሸሽቻለሁ?››

ትራንዚተሩ መልስ አልነበረውም፡፡ እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን የአዳማ ልጅ ዝም አይልምና፣ ‹‹እኛ ስንት ጊዜ ጫፍ ላይ ደርሰን ተርፈናል፡፡ አዳማ እንዲህ በዋዛ አይወርድም›› አልኩ፡፡

እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረው ሾፌር ቀና ብሎ አየኝና፣ ‹‹በ2013 እንዴት እንደተረፋችሁ ታስታውሳለህ?›› አለኝ፡፡

አስታውሳለሁ፡፡ አንባቢም ያስታውስ እንደሆነ፣ ያ ዓመት በ13 ክለቦች ብቻ ነበር የተካሄደው፡፡ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልተሳተፉም፡፡ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቦታዎች የያዙት አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ ነበሩ፡፡ በሌላ ጊዜ ቢሆን ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፡፡ ነገር ግን የሦስቱን የትግራይ ክለቦች ቦታ ለመሙላት ከከፍተኛ ሊግ ክለቦች ጋር ሌላ ውድድር ተዘጋጀና ሦስታችንም በዚያው ተመለስን፡፡ አዳማ የተረፈው ባዶ ወንበር ስለተገኘ ነው፡፡ ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ ያኔ ብዙ አላሰብኩበትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፡፡ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ የአዳማን ጨዋታ ማየት ትቼ ነበር፡፡ ሽንፈቱ ሲደጋገም ቅዳሜና እሑዴን ለአርሰናልና ለሊቨርፑል ሰጠሁ፡፡ የተመለስኩት ‹‹ተረፍን›› ሲባል ነው፡፡ ይኼንን ሻይ ቤቱ ውስጥ አልተናገርኩም፡፡

‹‹የማን ደጋፊ ነህ?›› አልኩት ሾፌሩን፡፡

‹‹የወልዋሎ፡፡››

ዝም አልን፡፡ ትራንዚተሩ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ ‹‹እናንተስ ስንት ዓመት ቆያችሁ ከወረዳችሁ?›› ሲለው ሰውየው ፈገግ አለ፡፡

‹‹እኛ አልወረድንም›› አለ፡፡ ‹‹ማንም አሸንፎ አላወረደንም፡፡ አልነበርንም፤ እሱ ሌላ ነው፡፡››

ቆጠርኩት፡፡ ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. አራት የውድድር ዘመን ነው፡፡ በ2017 ዓ.ም. ሦስቱም ክለቦች ወደ ሊጉ ተመለሱ፡፡ መካከል ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ የለም፣ የተሸነፉበት ጨዋታ የለም፣ ተጫዋቾቹም ወደ ሌሎች ክለቦችና ወደ ሌላ ሕይወት ተበትነዋል፡፡ ሰንደርላንድን የሚያደንቅ የስፖርት ጋዜጣ አንባቢ ብዙ አለን፤ የሰንደርላንድ ደጋፊ ግን ቢያንስ በየሳምንቱ የሚናደድበት ጨዋታ ነበረው፡፡

‹‹ታዲያ ክለቡ በሌለበት ምን ትደግፍ ነበር?›› አለው የሻሸመኔው ልጅ፤ ጥያቄው ፌዝ አልነበረበትም፡፡

‹‹የሌለ ክለብ መደገፍ ይቀላል›› አለ ሾፌሩ፡፡ ‹‹ሰኞ ሰኞ ማንም አይስቅብህም፡፡››

እዚህ ላይ ለራሴ ክርክር የማይመች አንድ ነገር መጥቀስ አለብኝ፡፡ ደጋፊ ያለው ክለብ ወርዶም ይኖራል፣ ደጋፊ የሌለው ይጠፋል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፡፡ ደደቢት ለዚህ ይመቻል፤ ጥሩ ኳስ ነበረው፣ ጌታነህ ከበደን የመሰለ ግብ አዳኝ ነበረው፣ ሕዝብ ግን ብዙ አልነበረውም፤ ከወረደ በኋላም ስሙ ከትልቁ መድረክ ጠፋ፡፡ ንግድ ባንክ ግን አይመችም፡፡ የወንዶቹ ቡድን በ2009 ዓ.ም. ወርዶ ፈረሰ፤ መፍረሱን ያለቀሰለት ሰው አላጋጠመኝም፡፡ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመና ሻምፒዮን ሆነ፡፡ ክለብን ማፍረስም ማስነሣትም የስብሰባ አዳራሽ ውሳኔ በሆነበት አገር የደጋፊ ጽናት ውጤት ላይ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው፡፡ የቡና ደጋፊ ክለቡ ከተመሠረተበት ከ1968 ዓ.ም. አንሥቶ የመጀመሪያውን የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ እስካየበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጠብቋል፤ ስታዲየሙን ሲሞላ የኖረው ዋንጫ እንደሚያመጣለት ቃል ተገብቶለት አይደለም፡፡ የጊዮርጊሱ ትራንዚተር እንኳ ይህንን ሲሰማ ‹‹እሱስ እውነት ነው›› ብሏል፤ ከጊዮርጊስ ደጋፊ ይህንን መስማት ደግሞ ቀላል አይደለም፡፡

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሾፌሩ ተራ ደረሰና ተጠራ፡፡ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብለው እንቢ አለኝ፤ የሁላችንንም ከፍሎ ወጣ፡፡ ተሳቢው ወደ በሩ ሲጠጋ ከመስተዋቱ በታች የተንጠለጠለች የወልዋሎ መሐረብ አየሁ፤ ቀለሟ በፀሐይ ለቋል፡፡ የሻሸመኔው ልጅም አይቷት ኖሮ፣ ‹‹ይቺ ከጦርነቱ በፊት የተገዛች ናት›› አለኝ፡፡

የእኔ ኮንቴይነር የወጣው በማግስቱ ነው፡፡ አዳማ አድሬ ነበር፡፡